ኦቦ ድሪባን ያሳሰረው ቁጥር

ቁጥር ሰው ያሳስራል ብሎ ማንም ቢነግረኝ ያኔ ከት ብዬ እስቅበት ነበር። የሂሳብ አስተማሪ ነኛ! ሰው ይዋሻል፣ ሰው ይከዳል፣ ስምንት ግን ዛሬም ነገም ስምንት ነው እያልኩ የምፎክር ሴት ነበርኩ። አሁን አልፎክርም። የምነግራችሁ ነገር የሆነው ከሐሙስ እስከ እሁድ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። አንብባችሁ ስትጨርሱ ብትፈርዱብኝ ቅር አይለኝም፤ እኔም በራሴ ላይ ከፈረድኩ ቆይቻለሁ።

ጊዜው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ግርግር የተነሳበት ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ወላጆቼ ከሰሜን ሸዋ መጥተው ሰበታ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴዎች ናቸው፤ እኔ ግን ተወልጄ ያደግኩት እዚያው ነው፤ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል አወራለሁ። ከሰበታ ወደ ፉሪ በሚወስደው በኩል በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር የማስተምረው። ስሙ ይቅርብኝ። ምላሴ ረጅም ነው። ስብሰባ ላይ እጄን ሳወጣ ርዕሰ መምህሩ «አሁን ደግሞ መጣች!» ይል ነበር። ማንም ፈሪ ናት ብሎ አያውቅም። እኔም ብሆን ፈሪ ነኝ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ኦቦ ድሪባ የቀን ጥበቃችን ናቸው። ስድሳን አልፈዋል፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ ሲስቁ ዓይናቸው የሚጠፋ ሰው። ፉሪ ጫፍ ላይ የአባታቸው መሬት ነበር። ግማሹ ለቤት መሥሪያ ተብሎ ሄዷል፤ በቀረው ሽምብራ ይዘራሉ። ትምህርታቸው መሠረተ ትምህርት ብቻ ነው። ሂሳብ ላይ ግን ወይ ጉድ! ማባዣ ሰንጠረዥ አያውቁም፤ ማጋመስና እጥፍ ማድረግ ግን ያውቃሉ። አባታቸው እህል ሲሰፍሩ ያስተማሩዋቸው ዘዴ ነው። ስምንትን በአንድ ትልቅ ቁጥር ማባዛት ቢፈልጉ በግራ ስምንት ይጽፋሉ፤ ከሥሩ ግማሹን አራት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ። በቀኝ በኩል ትልቁን ቁጥር ጽፈው በየመስመሩ እጥፍ ያደርጉታል። ከዚያ በግራ በኩል ለሁለት የሚካፈል ቁጥር የቆመበትን መስመር በሙሉ በእስክሪብቶ ይሰርዛሉ፣ ጎዶሎ የቆመበትን ብቻ ይደምራሉ። መልሱ እሱ ነው። ለምን ትክክል እንደሚመጣ እኔ የገባኝ በዩኒቨርሲቲ ሂሳብ ነው።

በዚያ ሰሞን ተማሪ አይመጣም። ቢመጣም አሥር አሥራ አምስት ሆኖ ነው። ክፍለ ጊዜዬ ባዶ ሲሆን በሩ ላይ ከኦቦ ድሪባ ጋር እቀመጥና ቁጥር አጫውታቸዋለሁ። ሐሙስ ዕለት እንደልማዳቸው «ዛሬ ደግሞ ምን አመጣሽ?» አሉኝ። ከደብተሬ ወረቀት ቀደድኩና በትልቁ 381654729 ብዬ ጻፍኩላቸው።

«ይሄ ምኑ ይገርማል?»

«ይዩት እስቲ ኦቦ ድሪባ። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉት አሃዞች ሁሉ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ አሉበት። የተደገመ የለም፣ የቀረም የለም። አሁን ከግራ ጀምረን እንቁረጠው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች 38፤ ለሁለት ይካፈላል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት 381፤ ለሦስት ይካፈላል። አራቱ 3816፤ ለአራት። አምስቱ 38165፤ ለአምስት። እንዲህ እያለ እስከ ዘጠኝ ድረስ ይሄዳል። ቀሪ የሚባል ነገር የለውም።»

«ዱጉማ?» አሉ፤ እውነት ማለታቸው ነው። «ሰባትስ? ሰባት እኮ አስቸጋሪ ነው።»

«ሰባትም!»

«ሳላየው አላምንሽም። እስቲ ስምንተኛውን ልሞክረው፤ ሲካፈል ስንት ነው የሚደርሰው?»

4770684 ነው አልኳቸው። እስክሪብቶዬን ተቀብለው እዚያው ወረቀት ላይ፣ ከእኔ ጽሑፍ ሥር ጀመሩ። በግራ ስምንት፣ አራት፣ ሁለት፣ አንድ። በቀኝ 4770684፣ 9541368፣ 19082736፣ 38165472። የላይኞቹን ሦስት መስመሮች ሰረዙ። የቀረችው የመጨረሻዋ ብቻ ነች፤ እሷን ከእኔ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ስምንት አሃዞች ጋር አንድ በአንድ እያስተያዩ «ሦስት፣ ስምንት፣ አንድ፣ ስድስት…» ብለው ጨረሱ። ከዚያ ጉልበታቸውን መትተው ሳቁ። ወረቀቱን አጥፈው ኮታቸው ኪስ ከተቱት። «ይቺን ለአዴ ጫልቱ አሳያታለሁ» አሉ። አዴ ጫልቱ ባለቤታቸው ናቸው።

ዓርብ ረፋድ ላይ ዋናው መንገድ ላይ ሰልፍ ወጣ። ከክፍል ሆነን ጩኸቱ ይሰማን ነበር። ወዲያው ተኩስ ተሰማ፤ አስለቃሽ ጭስ እኛ ጋ ደርሶ ዓይናችንን አነደደው። የሚሮጡ ሰዎች የትምህርት ቤቱን አጥር ዘለው በጓሮ በኩል አለፉ። ከደቂቃዎች በኋላ የጸጥታ ሰዎች ገቡ። ያገኙትን መምህር ሁሉ ሰንደቁ ጋ ሰብስበው አቆሙን። አሥራ ሁለት ነበርን። ከእነሱ ገሚሶቹ የጥበቃውን ዳስ ገለባበጡ፤ ኦቦ ድሪባን ፈተሹ።

መሪያቸው ከኦቦ ድሪባ ኪስ የወጣውን ወረቀት ይዞ ወደ እኛ መጣ። ወጣት ነው፤ ላቡ በፊቱ ይወርዳል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ። «ሰባት አሃዝ፣ ሰባት አሃዝ… የመሥመር ስልክ ነው። ይሄ ላይኛው ዘጠኝ አሃዝ ነው። ዜሮውን አስቀርታችሁ የጻፋችሁት ነው? ወይስ የውጭ አገር ነው?» ወደ ኦቦ ድሪባ ዞረ። «የተሰረዙት ሦስቱ እነማን ናቸው? ምን ሆነው ነው የተሰረዙት? ያልተሰረዘውስ ማነው?»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ በመጀመሪያ ሳቄ መጣ። የሚያስፈራ ነገር አልመሰለኝም። አሁን እነግረዋለሁ፣ ያፍራል፣ ይሄዳል ብዬ አፌን ልከፍት ነበር። ያኔ ሰውየው ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ «ላይኛውን የጻፈው ሌላ ሰው ነው» አለ። «የተማረ ሰው እጅ ነው። ማነው ይሄን የጻፈው?»

ክው አልኩ። ከእኛው ትምህርት ቤት ባለፈው ሳምንት የተወሰደው የታሪክ መምህር እስካሁን የት እንዳለ አይታወቅም ነበር። «እኔ ነኝ» ለማለት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ሁለት ቃል ነው። ሰውየው በአሥራ ሁለታችን ፊት ቀስ እያለ አለፈ። እኔ ጋ ሲደርስ መሬት መሬት አየሁ።

ቀና ስል ኦቦ ድሪባ እያዩኝ ነበር። ብዙ አልቆዩም። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው «ላይኛውንም ታችኛውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

በፒክአፕ ጭነው ወሰዷቸው። እኛን በየቤታችሁ ሂዱ አሉን። መንገድ ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ይገርማል፣ ድሪባ እንዲህ ዓይነት ነገር ውስጥ ይገባል ብዬ አላስብም ነበር» አለኝ። እኔም፣ እኔን ይድፋኝ፣ «እኔም» አልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። አዴ ጫልቱ ነበሩ፤ በፎጣ የታሰረ ባዶ ሳህን ይዘዋል። ስንቅ አድርሰው መመለሳቸው ነው።

«አካም ቡልቴ፣ ልጄ» አሉኝ፤ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው። አልገባም ብለው በሩ ላይ ቆሙ። «ሁለት ደቂቃ አገናኙን። ‹መምህርቷ እንዳትመጣ በያት› አለኝ። የትኛዋ መምህርት ብለው የሂሳቧን አለኝ፤ አንቺ ነሽ። ምንድን ነው ነገሩ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ቁጥሩን፣ ወረቀቱን፣ ግቢው ውስጥ ዝም ማለቴን። ይጮሁብኛል፣ ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። ብቻ ግራ ተጋብተው አዩኝ።

«ቁጥር ብቻ ነው?»

«ቁጥር ብቻ ነው አዴ ጫልቱ።»

«ታዲያ ሄደሽ ንገሪያቸዋ!» አሉ። ለእሳቸው ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር። እውነትም ቀላል ነበር፤ በትናንትናው ቀን። ነጠላዬን ለበስኩና አብረን ወጣን።

የተያዙት ሰዎች ያሉበት ቦታ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ነው። በሩ ላይ ሳህን የያዙ ብዙ ሴቶች ተሰልፈዋል። አዴ ጫልቱ እነሱ ጋ ቀሩ። እኔ «ስለ ወረቀቱ መረጃ አለኝ» ስል ወዲያው አስገቡኝ። ያገኘሁት ሌላ ሰው ነው፤ ጎልማሳ፣ ትህትና ያለው፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ። ወንበር ሰጠኝ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«ላይኛውን ቁጥር የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «የስልክ ቁጥር አይደለም። የሂሳብ ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታ?»

«ስልክዎ ላይ ማስሊያ አለ አይደል? ያውጡትና አብረን እንየው።»

አወጣው። 38 ለሁለት፣ አሥራ ዘጠኝ። 381 ለሦስት፣ አንድ መቶ ሃያ ሰባት። 3816 ለአራት፣ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አራት። እንደ ሥራ ነገር እየሰለቸው ነበር የጀመረው። ስድስት ላይ ስንደርስ ወንበሩን አስጠጋ። ሰባት ላይ «አይሆንም» አለ፤ 3816547 ብሎ ለሰባት አካፈለ፣ 545221 መጣ፤ ነጥብ የለ፣ ቀሪ የለ። ቅንድቡ ተነሳ። ስምንትንና ዘጠኝን ከእኔ ቀድሞ ሠራቸው። «የሚገርም ነው!» አለ። በቃ፣ ኦቦ ድሪባን ይዤ እወጣለሁ አልኩ። የተሰረዙት መስመሮችም የሳቸው የማባዣ ዘዴ እንደሆኑ አስረዳሁት፤ እሱንም በጥሞና ሰማኝ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ! ግን አስተማሪ አይደለሁ? ተማሪ ሲገባው ሳይ መጨመር እወዳለሁ።

«ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ» አልኩት፣ «ዘጠኙን አሃዞች እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቅሞ እንዲህ የሚሆን ሌላ ቁጥር የለም። ዘጠኙን አሃዞች ከሦስት መቶ ስድሳ ሺህ በላይ በሆነ መንገድ መደርደር ይቻላል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ይሄ አንዱ ብቻ ነው።»

ማስሊያውን አስቀመጠ።

«አንዱ ብቻ?»

«አንዱ ብቻ።»

«እና ከሦስት መቶ ስድሳ ሺህ ውስጥ ያቺ አንዷ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ግርግር በተነሳ ቀን፣ የአንድ ዘበኛ ኪስ ውስጥ ተገኘች። መምህርት፣ በአጋጣሚ የማይገኝ ነገር መልእክት ነው የሚባለው። ሁለት ሰዎች አንድ ቁጥር ላይ ሳይጻጻፉ መስማማት ቢፈልጉ ከዚህ የተሻለ ምን ያገኛሉ?»

ማስረጃዬን አንድ በአንድ ደርድሬ ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ገልብጦ ያዘው።

«ደግሞም» አለ፣ «ሰውየው ሁሉንም እኔ ጻፍኩት ብሎ ፈርሟል። አንቺ ላይኛውን እኔ ነኝ ትያለሽ። አንቺን ካመንኩ እሱ ለምን ዋሸ? ማንን ነው የደበቀው?»

«እኔን ነው! ፈርቼ ዝም ስላልኩ ነው!»

«ያንን ማመን ነው የሚከብደው» አለ፤ ዘብ ጠርቶ አንድ ነገር ነገረው።

ኦቦ ድሪባን አመጧቸው። ግራ ዓይናቸው አብጦ ተዘግቷል። ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ይዘዋል፤ ጣቶቻቸው ወፍረው ጠቁረዋል። ብድግ አልኩ። እሳቸው ግን ሲያዩኝ ተቆጡ እንጂ ደስ አላላቸውም።

«ይህቺን ታውቃታለህ?» አለ ሰውየው። አባቱ የሚሆኑትን ሰው አንተ ሲላቸው ጆሮዬን ቆረጠኝ።

«የትምህርት ቤታችን መምህርት ናት።»

«ቁጥሩን እኔ ነኝ የጻፍኩት ትላለች።»

«አዝናልኝ ነው። እኔ ነኝ አልኩ እኮ።»

«ኦቦ ድሪባ፣ ይንገሯቸው በናትዎ!» ብዬ ጮህኩ። ዞር ብለውም አላዩኝም።

«እሺ» አለ ሰውየው። «የማባዣ ዘዴ ነው ብላለች። አሳየኝ።» ባዶ ወረቀት ገፋላቸው። እስክሪብቶውን በግራ እጃቸው ሊያነሱ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። «በአፌ ልናገር» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። አራት ሚሊዮን ሰባት መቶ ሰባ ሺህ ስድስት መቶ ሰማንያ አራት። እጥፉ ዘጠኝ ሚሊዮን አምስት መቶ አርባ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ስድሳ ስምንት። የሱም እጥፍ… ሰውየው በስልኩ ይከተላቸው ነበር። አንዲት አሃዝ አልሳቱም። ሠላሳ ስምንት ሚሊዮን ብለው ሲጨርሱ ሰውየው ከስልኩ ቀና አለ።

አያችሁ፣ አሁን አመነ አልኩ። ማን በዚህ አያምንም?

«በመሠረተ ትምህርት ነው ይሄን የተማርከው?» አለ ሰውየው።

«በአባቴ ነው።»

ሰውየው ራሱን ነቀነቀና ወደ እኔ ዞረ። «እጁ እንዲህ ሆኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በሚሊዮን የሚያሰላ ሰው፣ በር ጠባቂ ነኝ ይለኛል። ይሄ የሠለጠነ ሰው ነው።» ወረቀቱን አጥፎ ፋይል ውስጥ ከተተው። «አንቺ ሂጂ። የዋህ ነሽ። ሌላ ጊዜ ለማን ምን እንደምትጽፊ ተጠንቀቂ።»

ቁጥሩ ትክክል መሆኑ አንድ ማስረጃ ሆነባቸው፤ እሳቸው አለመሳሳታቸው ሁለተኛ። ቢሳሳቱ ኖሮ ምናልባት የማይረባ ሽማግሌ ነው ብሎ ይለቃቸው ነበር። ከዚያ ክፍል እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። አዴ ጫልቱ ክንዴን ይዘው «ምን አሉሽ? ይፈቱታል?» ሲሉኝ አስታውሳለሁ። እውነት ነው ብለው አመኑኝ ማለት አልቻልኩም፤ አላመኑኝም ማለትም ውሸት ነው። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እሁድ ጠዋት ተመልሰን ስንሄድ መጋዘኑ ባዶ ነበር። ወደ ሌላ ቦታ ተወስደዋል አሉን። የት እንደሆነ የነገረን የለም።

ኦቦ ድሪባ የተመለሱት ከዓመት በላይ ቆይተው ነው። ብዙ ሰው የተፈታ ሰሞን እሳቸውም ተፈቱ። ቀኝ እጃቸው አልተመለሰም፤ ሁለት ጣት አይታጠፍላቸውም። ትምህርት ቤቱ መልሶ አልቀጠራቸውም። «ያለምክንያት አይታሰርም» የሚል ወሬ መምህራን ክፍል ውስጥ ይዞር ነበር። ያን ወሬ ስሰማ እኔ ሻዬን እየጠጣሁ ነበር። አሁንም ዝም አልኩ። ያዝ ካደረገ የማይለቅ ነገር ነው ዝምታ።

ልጠይቃቸው የሄድኩት በስንት ወሩ፣ በስንት ሰበብ ዘግይቼ ነው። ጓሯቸው ውስጥ ጀርባቸውን ፀሐይ እያሞቁ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በግራ እጃቸው ይዘው አስነሱኝ፣ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ስለ ሽምብራው አወራን፣ ስለ ዝናቡ። በመጨረሻ የሆዴን አወጣሁት።

«ኦቦ ድሪባ፣ ያን ቀን ግቢው ውስጥ ሲያዩኝ… እኔን ለማዳን መሆኑን አውቃለሁ። ዕድሜ ልኬን አልረሳውም» አልኩ።

የተቆጡ አይመስሉም፤ ነገሩን በትክክል ለመናገር የፈለጉ ነበር የሚመስለው።

«ያን ቀን ያየሁሽ ለማዳን አይደለም፣ ልጄ» አሉኝ። «ትናገሪያለሽ ብዬ ነው ያየሁሽ። አንቺ አስተማሪ ነሽ፤ አማርኛውን ታውቂበታለሽ፣ ቁጥሩን ታስረጂያቸዋለሽ፣ ሁላችንም እንስቃለን ብዬ ጠበቅኩሽ። መሬት መሬት ስታዪ ጊዜ ነው እኔ የተናገርኩት።»

«ታዲያ ለምን ‹እንዳትመጣ በያት› አሉ?»

«ያኔማ ፈርሜ ነበር። ሁለታችንም ከምንገባ አንዳችን ውጭ እንቅር ብዬ ነው።»

ይቅርታ አድርጌልሻለሁም፣ አላደረግኩልሽምም አላሉኝም። ስሄድ በር ድረስ ሸኙኝ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ያ ቀን ምን ለወጠብሽ ብትሉኝ፣ ስለ ራሴ የማውቀውን ለወጠብኝ። ምላስ ያለው ሁሉ ደፋር አይደለም። እውነት ደግሞ ሰዓት አለው፤ ዓርብ ብትነገር ሰው የምታድን እውነት ቅዳሜ ስትነገር ሰው ታሳስራለች። ይህን ከየትም መጽሐፍ አላገኘሁትም፤ በኦቦ ድሪባ እጅ ነው የተማርኩት። ዛሬም አስተምራለሁ፤ በሌላ ትምህርት ቤት ነው። ያን ቁጥር ለተማሪ አሳይቼ አላውቅም።

ኦቦ ድሪባ ባለፈው ክረምት ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ ከድሮ ባልደረቦቼ አንዱን አገኘሁ። ሬሳው ሲያልፍ ወደ ጎኑ ላለው ሰው ጠጋ ብሎ «ያ የስልክ ቁጥር የተገኘበት ሰውዬ እኮ ነው» ሲለው ሰማሁት። ከእሳቸው የቀረው ይሄ ነው፤ የስልክ ቁጥር የተገኘበት ሰውዬ። አፌን ከፈትኩ፤ ሰው ሁሉ ያለቅስ ነበር፣ አዴ ጫልቱ ፊት ለፊቴ ነበሩ፤ ደግሞ ዘጋሁት።

ስለዚህ በጽሑፍ አደረግኩት። ያን ዓርብ ሰንደቁ ጋ ከእኔ ጋር የቆማችሁ አሥራ አንድ መምህራን፣ ይህን ካነበባችሁ ስሙኝ። ጥያቄው «ማነው ይሄን የጻፈው?» የሚል ነበር። እኔ ነኝ።